ሁለት አፍ

ኬሚ፤ የጥር ሌሊት፤ ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት።
የእንጨት ፋብሪካው ምድር ቤት
የጥድ ሙጫ ይሸታል፣ ያረጀ ወረቀት፤
ከጥጉ ደግሞ እሱ፣ ቁም ሳጥን የሚያህለው፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት ደመወዝ ያሰላው፣
«ሽማግሌው» ሲሉት ስም ሆኖ የቀረው።

ሲያስብ ያጓራል፤ ሲጨርስ ዝም ይላል፤
በጥቁር መስኮቱ ላይ አረንጓዴ ፊደል ይዘራል።
ያበጁት ሰዎች ጡረታ ወጡ፣ የመለዋወጫው ዘመን አለፈ፤
እሱ ግን የአንድም ሰው ሳንቲም አላዛነፈ።

እኔን ከኦውሉ ላኩኝ፣ በትንሽ ሳጥን ካርድ አስይዘው፦
«ከጸጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ነው፣ ብርሃን የሚሮጥበት፤
ከጀርባው ስኪና ከአዲሶቹ ጋር አነጋግሪው።»
የአንድ ሰዓት ሥራ ነው አሉኝ።
አለማወቅ ደግ ነው፤ እኔም እሺ አልኩኝ።

ኬይዮ፣ የሂሳብ ሹሙ፣ ካፖርቱን አላወለቀም፤
«ነገ ደመወዝ ነው» ይላል፤ ሌላ ቃል አያውቅም።
አጠፋሁት። ዝምታው አስደነገጠን፤
ለካ ድምፁን የሰማነው ዛሬ ነው፣ ሲተወን።

ክዳኑን ሳነሳ አቧራ፤
አንዲት የሞተች ንብ፤ የሴት የጸጉር መያዣ።
ካርዱን ገፋሁት፣ ገባ፤ ብሎኑን አጠበቅሁ፤
አስነሳሁት።
አርባ ደቂቃ ፈጀ፣ ማን እንደሆነ እስኪያስታውስ፤
አርባ ደቂቃ ኬይዮ ቆመ፣ የእጅ ሰዓቱን ሲዳስስ።

ከዚያ ጻፍኩ፦ የመስመሩን ስም፤ አድራሻውን በአራት ቁጥር፤
ወደ ውጭ የሚያወጣው በር የቱ እንደሆነ፤ የፍጥነቱን ድርድር፤
ባዶ የሆነውን ሁሉ
ሞላሁ፣ ሙሉ በሙሉ።
«ክፈት» ብዬ አዘዝኩት።
«በመጠባበቅ ላይ» አለኝ።
ደግሜ አዘዝኩት።
«በመጠባበቅ ላይ።» የካርዱ መብራት ጨለማ፤
እኔ ጆሮ ሰጥቼ፣ ምንም ነገር ሳልሰማ።

ቁጥሩን አጣራሁ፤ ፍጥነቱን ዝቅ አደረግሁ፤ የክሩን ጫፍ በአልኮል ጠረግሁ።
ብርሃኑን በባዶ ዓይን ማየት ክልክል ነው፤ በስልኬ ካሜራ አየሁ፦
አለ። ከወዲህ ሐምራዊ ነጥብ፣ ከወዲያም ሐምራዊ ነጥብ።
ታዲያ ምን ጎደለ?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ኬይዮ ካፖርቱን አወለቀ፤
«ሄልቪን ልጥራ» አለ።

ሄልቪ፤ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፤ ቶርኒዮ፣ የአዛውንት ቤት፤
ሽማግሌውን ከማሸጊያው ያወጣች፣ አሥራ ስድስት ዓመት የጠበቀች እሷ ናት።
በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች፤
«እንቅልፍ ከተወኝ ቆየ» አለች።
ስለ ካርዱ አልጠየቀች። ስለ ፍጥነቱም አልጠየቀች።
«ክሩ ስንት ነው?»
«ሁለት።»
«አንዱ አፍ ነው፣ አንዱ ጆሮ። አፉን ከምን ገጠምሽው?»

ዝም አልኩ።
አፍን ከአፍ፣ ጆሮን ከጆሮ ገጥሜ፣
ሌሊቱን ሙሉ ሽማግሌውን ደንቆሮ ስል ከርሜ!

ሁለቱን ጫፎች ነቀልኩ፤ አቀያየርኩ፤ ጠቅ አለ።
መብራቱ አረንጓዴ፤ አንዴ፣ ሁለቴ ተንቀለቀለ።
«ተከፍቷል» አለ ስክሪኑ። ኬይዮ ወንበር ፈለገ።

«ሄልቪ፣ ሠራ!» ብላት
ስልኩን አልዘጋችውም። ትንፋሿን እሰማለሁ።
«ቁጥር አርባ አንድ አለ?»
ፈለግሁ፤ በአዲሱ መስመር፣ ዓይን ሳይጠቀስ መጣ፦
ዜሮ ዜሮ አርባ አንድ። ታይስቶ። መጋዝ ክፍል።
ሥራ የለቀቀበት ቀን፦ ባዶ።
ደመወዝ፦ ዜሮ።

«ባሏ ነው» አለ ኬይዮ በሹክሹክታ፣ «ግንድ የወደቀበት።»
ሠላሳ ዓመት በየወሩ፣ ከሁለት መቶ ሰው መሀል፣
ዜሮ ሲከፈለው ኖሯል።

«አለ» አልኳት።
«አትንኩት።»

ሊነጋ ሲል የሥራ ማጠቃለያውን ጻፍኩ፣ በቀዘቀዘ ጣት፦
ክሮቹ ተገላብጠው ነበር፤ ተስተካክሏል።
ሌላ የተነካ ነገር የለም።